«የሰው እጅ የሚነካኝ ቅዳሜ ብቻ ነው»

የዛሬዋ ባለታሪክ የሰፈሬ ልጅ ናት። «ስሜን ካላነሳሽ ጻፊው» ብላኛለች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መልከ መልካም፣ ሥራ ያላት፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጨዋ» እያለ የሚምልባት። በተከራየችው ሰርቪስ ቤት አከራይዋ ገና በገባችበት ቀን «ወንድ ማምጣት የለም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም» ብለዋታል። አራት ዓመት ሙሉ ሕጉን አንድም ቀን አልጣሰችም። ከማን ጋር ትጣሰው?

በየሳምንቱ ቅዳሜ ጸጉር ቤት አገኛታለሁ። ጸጉሯ ንጹሕ ሆኖ ሳለ መመላለሷ ገርሞኝ፣ ተራ ስንጠብቅ ጠየቅኳት። ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስታጥበኝ ደስ ይለኛል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው እጅ የሚነካኝ እኮ ቅዳሜ ብቻ ነው» አለችኝ። ማታ ማታ ትራሷን አቅፋ ትተኛለች። የጎረቤት ባልና ሚስት ሲሳሳቁ በግድግዳው ሲሰማት ሬዲዮኗን ከፍ ታደርጋለች። ስሜቷ ሲያስቸግራት ደግሞ በሌሊት ተነስታ ልብስ ታጥባለች! ይህን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ አንገቷን ደፍታ ነው የነገረችኝ።

ምኑ ነው ወንጀሉ? በዚህ ዕድሜ ገላ ገላን መፈለጉ ጤና ነው። አክስቷ «አግቢ፣ ይለቅሻል» ይሏታል፤ ጉንፋን መሰላቸው እንዴ? «ቆማ ቀረች» የሚሏትም አሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የሀገራችን ሴቶች ግማሽ ያህሉ ገና 17 ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ አግብተው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ዕድሜው ወደ 24 ይጠጋል። የዘገየችው እሷ ብቻ አይደለችም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤቷ ዓይኗ ያረፈበት ሰው አለ። ባለፈው ወር ራሱ መጥቶ «ማኪያቶ ልጋብዝሽ» ቢላት «ምን መስዬህ ነው?!» ብላ አምባረቀችበት። ከዚያ ቤቷ ገብታ ስታለቅስ አደረች። እህቴ፣ ይሄ ፍርሃት እንጂ ጨዋነት አይደለም አልኳት። ሰውየው ያለው ማኪያቶ ነው! ሰኞ ጠዋት «ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር፤ ግብዣው አሁንም አለ?» በይው።

ለነገሩ እኔስ ምን አፍ አለኝ? ለልደቴ «እሷ ጭፈራ አትወድም» ብዬ ሳልጠራት ቀርቻለሁ። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

«ቢስቅብኝስ?» አለችኝ። ሳልመልስላት ተራዋ ደረሰ። አጣቢዋ ውሃውን ከፈተች፤ እሷም ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።