ሠራተኛን በውጤት መመዘን፤ ከአጋሮ የቡና ሚዛን አንጻር ሲታይ

በጅማ ዞን በአጋሮ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኘው የጎማ ወረዳ የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ የለቃሚው ውሎ በአመዛኙ የሚሰላው በሰዓት ሳይሆን በኪሎ ነው። ማለዳ የገባውም ረፋድ ላይ የደረሰውም የሚከፈላቸው ወደ ሚዛኑ ባመጡት እሸት ቡና ልክ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ሲያነሡትና ሲጥሉት የቆዩት በውጤት የመመዘን ሐሳብ ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ አይደለም።

ይሁንና ኪሎ ብቻውን መለኪያ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል የቡና ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ክፍያው በክብደት ብቻ የሆነ ለቃሚ ቅርንጫፉን በአንድ ጊዜ አራግፎ ቀዩንም አረንጓዴውንም ይዞ ቢመጣ አያስገርምም፤ የተጠየቀው ክብደት ነውና። ያልበሰለ ፍሬ ግን በቅምሻ ወቅት ራሱን ያጋልጣል። በኢትዮጵያ የቡና ደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ ውስጥ 40 የሚያዘው ለጥሬ ቡናው ይዞታ ሲሆን 60 የሚሰጠው ለቅምሻ ነው። በአጋሮ አቅራቢያ የሚገኘው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቀይ እሸት ቡና እየለየ በመቀበልና በማጠብ ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ቡናው በአፍሪካ አቀፍ የቅምሻ ውድድር ቀዳሚ ለመሆን በቅቷል። የተለወጠው የአርሶ አደሩ የሥራ ሰዓት ሳይሆን በሚዛኑ ፊት ተቀባይነት የሚያገኘው የፍሬ ዓይነት ነበር።

ወደ መንግሥት ሥራ ስንመለስ፣ በ1988 ዓ.ም. የተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ውጤት ተኮር የሥራ አፈጻጸም ምዘናን የሰው ሀብት አስተዳደር አካል አድርጎታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 እስከተተካበት ጊዜ ድረስ፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ከመወሰኑም በላይ ሠራተኛው ሥራውን በሚጠበቀው መጠን፣ ጥራት፣ ጊዜና ወጪ ማከናወኑ እንዲመዘን ደንግጎ ነበር። ሕጉ አራት መለኪያዎችን አስቀምጧል። ከአራቱ ለመቁጠር የሚቀለው መጠን ነው፤ ከመጠንም ይልቅ የሚቀለው የመግቢያና የመውጫ ፊርማ ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች ምዘናውን ወደ ፊርማ መቆጣጠሪያ የሚያወርዱት በክፋት ሳይሆን ማስረጃው ጠረጴዛቸው ላይ ስለሚገኝ ይመስላል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በግብርና ልማት ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው። የቡና ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሪፖርቱ የሚይዘው የተቆፈረውን ጉድጓድና የተሠራጨውን ችግኝ ቁጥር ነው። ችግኙ ሥር መስደዱ የሚታወቀው በጋውን ካለፈ በኋላ ሲሆን ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ያረጀ ቡና እንዲጎነደል አርሶ አደሩን ያሳመነ ባለሙያም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያስመዘግበው የምርት ቅናሽ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ በሚሞላ ቅጽ ብዙ ችግኝ አሠራጭቶ ዞር ብሎ ያላየው ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ፣ ጥቂት ተክሎ ጥላና ጉዝጓዝ እንዲደረግለት የተከታተለው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ነጥቡ የደረጃ ዕድገትን የሚነካ በመሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

በመሆኑም ለዚህ ሥራ የሚስማማው ግብ የተተከለውን ሳይሆን በመጋቢት ወር ቆሞ የተገኘውን ችግኝ የሚቆጥር ነው። በጋው ከወትሮው ከከፋም ጉዳቱ ከአጎራባች ቀበሌዎች ጋር ተነጻጽሮ መታየት ይኖርበታል። ቡና አንድ ዓመት አፍርቶ በቀጣዩ የሚያርፍ ተክል ስለሆነ፣ የአንድ ዓመት ምርት ማነስም መብዛትም ለብቻው የባለሙያው ሥራ ማስረጃ አይሆንም።

ሰዓት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በማጠቢያ ጣቢያው የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚያገላብጠውና ዝናብ ሲመጣ የሚሸፍነው ሠራተኛ እንደ ለቃሚው በኪሎ ሊከፈለው አይችልም፤ ዋናው ሥራው በቦታው መገኘት ነው። የባለጉዳይ መቀበያ መስኮትም እንዲሁ ነው። ከገጠር ቀበሌ በጠዋት ተነሥቶ ለመጣ ባለጉዳይ፣ ሠራተኛው ትናንት ያጠናቀቀው ፋይል ብዛት ዛሬ የተዘጋውን መስኮት አይከፍትለትም።