የናፍጣ ሞተር ፓምፕ ክረምቱን እንዴት ይክረም?

በግንቦት መጨረሻ የመጨረሻው የመስኖ ውኃ ከተለቀቀ በኋላ የማኅበራት ሞተር ፓምፖች እስከ መስከረም፣ አንዳንድ ቦታም እስከ ጥቅምት ድረስ ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። ገበሬው ፊቱን ወደ እርሻውና ወደ ዘሩ ያዞራል፤ ፓምፑም ከወንዝ ዳር ተነሥቶ መጋዘን ጥግ ይጣላል፤ ከዚያ የባሰው እዚያው ወንዝ ዳር ላስቲክ ለብሶ ይቀራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ግን ያን ጊዜ አይደለም። የሽንኩርቱ ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ ሊዛወር ሲደርስና ሞተሩ ቢዞር ቢዞር አልነሣም ሲል ነው።

መካኒክ ከከተማ እስኪመጣ፣ ኖዝሉ እስኪታጠብ ወይም መለዋወጫ እስኪገኝ የሚያልፈው ሳምንት ችግኙ መደብ ላይ የሚያረጅበት ሳምንት ነው። ፓምፑ በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቆመ ተብሎ ዕዳው አይቆምም።

የማኅበር መሣሪያ ከግል መሣሪያ ይልቅ በክረምት ለብልሽት የተጋለጠ መሆኑ በየቦታው የሚታይ ነው። ምክንያቱ የእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። በሰኔ ዘይቱን ማን ይቀይር፣ ወጪውስ ከየት ይምጣ የሚለው አስቀድሞ ባለመወሰኑ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን በሚመለከት በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ አውታርን የማስተዳደሩንና የመጠገኑን ሥራ ለማኅበራቱ የሰጠ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የኦፕሬተሩ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ስለሆነም የማኅበር መሪ የመጀመሪያ ሥራ መፍቻ ማንሣት ሳይሆን፣ በግንቦት ስብሰባ ላይ ኃላፊውን ሰው፣ የዘይትና የፊልትሮ መግዣውን ገንዘብ፣ የማስቀመጫውንም ቦታ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው።

ከመሣሪያው ጋር የሚመጣውን መመሪያ በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ብዙዎቹ መመሪያዎች የተጻፉት በረዶ ለሚወርድባቸው አገሮች ነው። እዚያ ለክረምት ማስቀመጥ ሲባል ዋናው ሥጋት ውኃ በሞተሩ ውስጥ ረግቶ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው ነው። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ነው፤ ጠላታችን እርጥበት፣ አይጥና ጎርፍ ናቸው። ስለዚህ መመሪያው ስለ ውርጭ የሚለውን ለደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ አቆይቶ፣ ስለ ዝገት የሚለውን በደንብ ማንበብ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩን በማስነሣት ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ እንዲሞቅ ከተደረገ በኋላ ይጠፋና ከሥር ያለው የዘይት ማውጫ ቡሎን ተፈትቶ አሮጌው ዘይት በትኩሱ ይወጣል። በትኩሱ የሆነበት ምክንያት ጥቀርሻውና ዝቃጩ አብሮ ታጥቦ እንዲወጣ ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች ዘይቱን በመስከረም ሥራ ስንጀምር እንቀይረዋለን ይላሉ። ይህ ቁጠባ ይመስላል እንጂ ቁጠባ አይደለም። በናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ፤ ሲቃጠል ከእንፋሎት ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆንና በዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ያ ዘይት በሞተሩ ውስጥ አራት ወር ሲቀመጥ አሲዱ ኩሽኔታዎቹንና ሌላውን የተወለወለ ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል። አሮጌው ዘይት ወጥቶ፣ ፊልትሮው ተቀይሮ ወይም ታጥቦ፣ አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ ማስነሣት ያስፈልጋል። አዲሱ ዘይት በየቦታው የሚደርሰው ያኔ ነው። የወጣው ዘይት ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አይደፋም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ናፍጣው ነው። ታንከሩ ግማሽ ሆኖ ከተቀመጠ በላዩ ያለው ባዶ ቦታ በእርጥብ አየር ይሞላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይረጋል፤ ብረቱን ያዝጋል፤ በውኃውና በናፍጣው መካከልም ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን ተራብተው እንደ ንፍጥ ያለ ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ይህ ዝቃጭ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ውኃው ካለፈ ደግሞ የናፍጣ መርጫውን ፓምፕና ኖዝሉን ይጎዳል። የእነዚህ ክፍሎች ግጥምጥሞሽ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ በመሆኑ ጥቂት ዝገት ይበቃቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የታንከሩ ዝቃጭ በማውጫው ተለቅቆ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ መምጣት ሲጀምር ይዘጋል፤ ከዚያም ታንከሩ እስከ አፉ ይሞላል። ናፍጣ ይሰረቃል ተብሎ ታንከሩን ግማሽ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ቁልፍ መግዛት ይሻላል።

የበርሜሉም ነገር እንዲሁ ነው። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ሜዳ ላይ ቆሞ ሲዘንብበት ውኃ በክዳኑ ዙሪያ ባለው ከንፈር ውስጥ ይቋጥራል። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በርሜሉ እንደሚተነፍስ ሆኖ ያንን ውኃ በቡሽኑ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። በርሜሉ ከጣራ ሥር ካልሆነ በጎኑ ይተኛ፤ ሁለቱ ቡሽኖች ግራና ቀኝ እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆኑ፣ ማለትም ናፍጣው ከውስጥ እንዲሸፍናቸው ይደረግ። ዚንክ የተለበጠ ዕቃ ለናፍጣ ማቆያ አይሆንም፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር እየተዋሐደ ዝቃጭ ያመጣል። ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣም አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ረግቶ፣ ከሥሩ ሳይነካ ከላይ ቢቀዳ መልካም ነው።

በእጅ የሚነሣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ከሆነ በአየር መግቢያው በኩል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሮ፣ የትንፋሽ ማስለቀቂያውን ይዞ በእጅ ጥቂት ጊዜ ማዞር ሲሊንደሩን ከዝገት ይጠብቃል። ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልግም፤ ዘይቱ ከበዛ በማስነሣት ጊዜ ፒስተኑን አስሮ ጉዳት ያመጣል። በመጨረሻ ሲዞር ትንፋሹ የሚከብድበት ቦታ ላይ ማቆም ነው፤ ያኔ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው። የአየር መግቢያውና ማርሚታው በዘይት በተነከረ ጨርቅና በላስቲክ ይታሰሩ። አይጥ በአየር ማጣሪያ ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች። ጨርቁ እንዳይረሳ ቀይ ክር በማስነሻ እጀታው ላይ ይንጠልጠል።

በክረምት መካከል ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት እንክብካቤ ተደርጎ ይታያል። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በውስጡ እርጥበት ይጨምራል፤ ይቅር። በወር አንዴ ሳያስነሡ በእጅ አዙሮ ወደ ትንፋሹ መመለስ ይበቃል።

የፓምፑ ክፍል ውኃ ከሥር ባለው ቡሽን ይፍሰስ፤ ደለሉ ይታጠብ፤ የመምጠጫው ጎማ ሳይታጠፍ ሰፋ ብሎ ተጠቅልሎ ከፀሐይ ይራቅ። ባትሪ ያለው ሞተር ከሆነ ባትሪው ተፈትቶ በደንብ ቻርጅ ተደርጎ በየወሩ ይታይ፤ የጎደለውም በተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ በወንዝ ውኃ አይሞላም።

ቦታውን በሚመለከት ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ፓምፑን ከማዳበሪያ ጋር በአንድ መጋዘን ማስቀመጥ ነው። ዩሪያና ሌላውም ማዳበሪያ እርጥበት ከአየር የሚስብ በመሆኑ አቧራው ባረፈበት ብረት ላይ ዝገት ይፈጥናል። ሌላ ክፍል ከሌለ በግድግዳ ይለይ፤ ፓምፑም በሣንቃ ላይ ከመሬት ከፍ ይበል። ሁለተኛው ወንዝ ዳር መተው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ርብና ጉማራ ምን ያህል ሜዳ እንደሚሸፍኑ አይጠራጠርም።

በመስከረም መጨረሻ ፓምፑ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ጨርቁ ይውጣ፤ የዘይቱ መጠን ይታይ። ናፍጣው ተዘግቶ ትንፋሹም ተለቅቆ ሞተሩ በእጅ ብዙ ጊዜ ይዙር፤ በሲሊንደሩ የቀረው ዘይት የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚያ ናፍጣው ተከፍቶ የአየር ማስወጫው ቡሎን ይላላ፤ አረፋው ጠፍቶ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ ይጥበቅ። የፓምፑ ሆድ ውኃ ሳይሞላ ሞተሩ አይነሣም፤ ደረቁን ከሠራ የውኃ ማገጃው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቀኑና የተቀየረው ዘይት በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ቁልፉንም የተረከበው ሰው ይፈርምበት።