የኮት ትከሻ አመራረጥ

ሙሉ ልብስ ለማሰፋት ስታስቡ ከጨርቁ ቀለም አስቀድማችሁ ስለ ትከሻው ከልብስ ሰፊው ጋር ተነጋገሩ። ወገቡ ቢሰፋ ማጥበብ፣ እጅጌው ቢረዝም ማሳጠር ይቻላል፤ ትከሻን ማረም ግን ኮቱን እንደ ገና መፍታት ነውና ወጪው ብዙ ነው።

በለንደን ብዙዎች ልብስ ሰፊዎች ከገበሩ ሥር ጥጥ አድርገው ትከሻውን ቀጥ ያደርጉታል፤ የኔፕልስ ሰዎች ግን ጥጡን አሳስተው ወይም ጨርሶ ትተው የሰውነትን ቅርጽ ይከተላሉ። ትከሻው ወደ ታች ያዘነበለ ሰው የፊተኛውን፣ ትከሻው ሰፊና ቀጥ ያለ ሰው የኋለኛውን ቢመርጥ ይስማማዋል።

በመለኪያው ቀን የእጅጌው ስፌት ከትከሻችሁ አጥንት ጫፍ ላይ ማብቃቱን ተመልከቱ። ከግድግዳ ጎን ስትጠጉም ከክንዳችሁ ቀድሞ ጥጡ ቢነካ፣ ትከሻው ከልክ አልፏልና ያን ጊዜውኑ ተናገሩ። ልብሱን ከተረከቡ በኋላ መቈጣት ገንዘብን አይመልስም።