ጨውና መዘውር፦ ውድ የባሕር ዳር ሪል ዋጋው ያዋጣል?

አራቱም ብሎኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስቱ ተፈቱ፤ አራተኛው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ጋሼ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የሪሉን ሆድ ወደ መብራቱ አዞሩት። በብሎኑ ዙሪያ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ተሰግስጓል። «አየህ ልጄ፣ ብረቱና አሉሚኒየሙ ተጋብተዋል» አሉኝ።

ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በጡረታ ይኖራሉ፤ ጋራዣቸው ውስጥ የወዳጆቻቸውን የዓሣ ማጥመጃ ይጠግናሉ። ያን ቀን በእጃቸው የነበረው ሪል የእኔ ነው። በ60 ዶላር ገዝቼው ሁለት የማጥመጃ ወቅት አሳቴግ ደሴት ዳርቻ ላይ ሠራሁበት። በሁለተኛው መከር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ ትልቅ ዓሣ መንጠቆዬን ይዞ ወደ ጥልቁ ፈተለከ። ሪሉ ክር መልቀቅ ሲገባው ፍሬኑ ድርቅ ብሎ ያዘ፤ ክሩም ተበጠሰ። ዓሣውን አላየሁትም። ጋሼ ጎኑን በግድ ከፍተው ሲያሳዩኝ ግራሶው ከአሸዋ ጋር ተለውሶ እርጥብ ሲሚንቶ መስሏል፤ ኩሽኔታውን በጣቴ ሳዞረው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ያንቀጫቅጫል።

«ጋሼ፣ የሺህ ዶላሩን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር?» አልኳቸው።

«እሱ አንተ እምትቆምበት ቦታ ነው የሚወስነው» አሉ። ይህ ጽሑፍ የዚያች መልስ ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንተዋወቅ። ሪል ማለት ከማጥመጃው ዘንግ ሥር የሚታሠር፣ በእጀታ የሚዞር የክር መጠቅለያ ነው። ከባሕር ዳር የሚያጠምዱ ሰዎች በብዛት የሚይዙት ዓይነት ማጠንጠኛው የማይሽከረከር ነው። ሲወረወር ክሩ ከማጠንጠኛው አፍ ላይ እየተፈታ ይወጣል። እጀታው ሲዞር ደግሞ አንድ የሽቦ ክንድ ማጠንጠኛውን እየዞረ ክሩን ይጠቀልላል፤ ማጠንጠኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ክሩ እኩል እንዲነጠፍ ያደርጋል። ሸማኔ ቤት ያደገ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ነገሩ የመጣውም ከዚያው ሙያ አካባቢ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ሪል የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሆልደን ኢሊንግዎርዝ የእንግሊዟ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የብራድፎርድ ሰው ነው። ሐሳቡ የመጣለት ክር በፋብሪካ ሲጠነጠን አይቶ ነው ይባላል።

በማጠንጠኛው ውስጥ ወይም አናት ላይ ፍሬን አለ። እርስ በርስ የሚፋተጉ ስስ ክብ ዲስኮች ተደራርበው የሚሠሩት ሥራ የመኪና ፍሪሲዮን ከሚሠራው ይመሳሰላል፤ ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲጎትት ይንሸራተቱና ክር ይለቃሉ። የእኔን ሪል ዋጋ ቢስ ያደረገው እነዚህ ዲስኮች ላይ የደረቀ ጨው ነው።

ጨው እንዴት እንደሚገባ ለማየት የአትላንቲክን ዳርቻ ማሰብ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ሞገዱ ሲሰበር ውኃው ተበትኖ አየሩን ይሞላል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ከውኃው ርቆ የቆመ ሰው እንኳ ከንፈሩን ሲልስ ጨው ጨው ይለዋል። ይህ ርጭት ሪሉ ላይ ያርፍና ይደርቃል። የደረቀ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባልና ዕቃው ቤት ተቀምጦም ሥራውን አያቆምም። የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም በጨው ውኃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ብረቱ ይተርፋል፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ጋሼ «ተጋብተዋል» ያሉት ይህንን ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በእጅ ክር ሲያጠምድ ያደገ ሰው ይህን ጣጣ አያውቀውም፤ ውኃው ጨው የለበትማ።

ውድ ሪል የሚሸጠው መፍትሔ ማኅተም ነው። እጀታው በሚገባበት፣ ዘንጉ በሚወጣበትና ፍሬኑ ባለበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሉት ዓይነት፣ ተቀምጦ ውኃውን ይከለክላል። በዚህ ስም ያተረፈው ቫን ስታል ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለው ይህ ሪል አካሉ ከድፍን አሉሚኒየም እየተፋቀ ይወጣል፤ የሽቦ ክንድ የሌለው ዓይነቱ ደግሞ ክሩን አጥማጁ በራሱ ጣት እያነሣ እንዲመልስ ያደርጋል፤ ሊታጠፍ ወይም ሊሰበር የሚችል አንድ ነገር ተቀነሰ ማለት ነው። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ አንዳንዱም ሺህ ይጠጋል። ጃፓናዊው ሺማኖ የሚሠራው የባሕር ስቴላ ከሺህም ያልፋል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማን ይፈልገዋል? ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ጫፍ ላይ ሞንታክ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ሌሊት ሌሊት የሚያጠምዱ ሰዎች የዋናተኛ የጎማ ልብስ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ዋኝተው፣ ከባሕሩ መሐል ብቅ ያለ ቋጥኝ ላይ ይቆማሉ። ማዕበል ደረታቸውን ይመታል፤ አንዳንዴም ጠርጎ ይጥላቸዋል። ሪሉ አብሯቸው ይሰምጣል፣ አብሯቸው ይወጣል። ተራ ሪል በዚህ ኑሮ አንድ ወቅት አይቆይም። ለእነርሱ የቫን ስታል ዋጋ የመርከበኛ ጫማ ዋጋ ነው፤ ያለ እሱ ሥራው የለም።

ከዚህ በታች ያለው ገበያ ግን ብዙ ማሳሳቻ አለበት። በሳጥኑ ላይ «አይ ፒ ኤክስ» የሚሉ ፊደላት ከቁጥር ጋር ታትመው ይታያሉ። 5 እና 6 ማለት ሪሉ የሚረጭ ውኃ ይችላል ማለት ነው፤ 6 ከ5 የበረታ ግፊት ይቋቋማል። ውኃ ውስጥ መስመጥን የሚመለከቱት 7 እና 8 ናቸው። ፔን የተባለው የአሜሪካ ስም በ200 እና በ300 ዶላር አካባቢ ይሸጣቸው የነበሩት ስፒንፊሸር 6ኛውና ስላመር 4ኛው እንደ ቅደም ተከተላቸው 5 እና 6 ቁጥር አላቸው። ለሞገድ ርጭት በቂ ነው፤ ለሚዋኝ ሰው ግን አይበቃም። «ኤክስ» የምትለዋ ፊደል ደግሞ በዚያ ቦታ ስለ አቧራና አሸዋ የተሰጠ ደረጃ የለም ማለት ናት። አሸዋ ላይ የወደቀን ሪል ቁጥሩ አያድነውም።

ሌላው ማሳሳቻ የፍሬኑ ጉልበት ነው። ውዶቹ ሪሎች ከ40 ፓውንድ በላይ እንይዛለን ይላሉ። ያ ጉልበት ጀልባ ላይ ሆኖ ቱና ለሚታገል ሰው ነው የተሠራው። ከባሕር ዳር በ30 ፓውንድ ክር የሚያጠምድ ሰው ፍሬኑን የሚያስተካክለው በክሩ ጥንካሬ ሩብ ወይም ሲሶ ላይ ነው፤ ከ7 ተኩል እስከ 10 ፓውንድ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የገዛ ሰው የማይነካውን ገዝቷል። ርቆ መወርወርንም ገንዘብ አያመጣውም፤ የክሩ ቅጥነት፣ የዘንጉ ርዝመትና የወርዋሪው ትከሻ ነው የሚያመጣው። በገንዘብ የሚገኘው የፍሬኑ ልስላሴ ነው፤ ክሩ ሳይንገጫገጭ እንዲለቅ ማድረግ። ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። የሜሪላንድ ሰው ሮክፊሽ የሚለው ስትራይፕድ ባስ በአትላንቲክ ዳርቻ እየቀነሰ ስለ መጣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከውቅያኖሱ ዳር የሚያዘው ከ28 እስከ 31 ኢንች ብቻ፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሌላው ሁሉ ወደ ውኃው መመለስ ነበረበት። የሚመለስ ዓሣ ደግሞ ክር በጥሶ መንጠቆ ይዞ ከሚሄድ፣ ሳይደክም ተይዞ ቢለቀቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥገናው። ብዙ ሰው የታሸገ ሪል ከጥገና ነጻ ያወጣል ብሎ ይገዛል፤ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ማኅተም በሁለት በኩል ይሠራል። ውኃ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ አንዴ የገባውን እንዳይወጣ ይከለክላል። ጎሚኒው ሲያረጅ አንዲት ማንኪያ የባሕር ውኃ ሾልካ ብትገባ፣ በተራው ሪል ውስጥ ቀስ ብላ የምትተነው ውኃ በታሸገው ውስጥ ተቀምጣ ትበላለች፤ ባለቤቱም ከውጭ አያያትም። ስለዚህ በብርቱ የሚሠራበት የታሸገ ሪል በየዓመቱ ለባለሙያ ይሰጣል፤ ተከፍቶ፣ ጎሚኒው ተቀይሮ፣ ግፊቱ ተፈትሾ ይመለሳል። ልዩ መፍቻ ስለሚጠይቅ ቤት ውስጥ ልሞክረው ለሚል ሰው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው ይደርስበታል። ጥገናው ከእጅህ ወጥቶ ወደ ሠራተኛ ቤት ሄደ እንጂ አልቀረም።

በመካከለኛ ዋጋ የሚገዛው ሪል ግን በባለቤቱ እጅ ይጠገናል። ደንቡም «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነው። ከባሕር በተመለሱበት ሰዓት ፍሬኑን ጠበቅ ማድረግ፤ ውኃ ወደ ዲስኮቹ እንዳይገባ ነው። ከዚያ በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ፣ በስሱ፣ እንደ ካፊያ ማጠብ። በጎማ ቧንቧ በኃይል መርጨት ጨዉን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። በጨርቅ አድርቆ ፍሬኑን ማላላት፤ ዲስኮቹ ተጨምቀው እንዳይከርሙ። ክሩ ሲመለስ የሚንሸራተትባትን ትንሽ ተሽከርካሪ አለመርሳት፤ ጨው መጀመሪያ የሚይዛት ኩሽኔታ እዚያ ናት፤ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃታል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ጎኑን ከፍቶ አሮጌውን ግራሶ ጠርጎ አዲስ መቀባት። ከዓመቱ ጽዳት በቀር የእያንዳንዱ ጉዞ ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሒሳቡን ለዐሥር ዓመት እንሥራው። የ60 ዶላሩን በየሁለት ዓመቱ እየጣለ የሚገዛ 300 ዶላር ያወጣል። በ250 ገዝቶ ለዘይት፣ ለግራሶና ለኩሽኔታ በዓመት 20 ዶላር እንበል የሚጨምር ሰው 450 ይደርሳል። የ900ውን ገዝቶ በየዓመቱ ለጥገና 100 ዶላር እንበል የሚከፍል ደግሞ 1900። ውዱ ሪል ስሙን ስለሚጠብቅ በመጨረሻ በግማሽ ዋጋ ቢሸጠው እንኳ 1450 ይቀርበታል። በገንዘብ ብቻ ከተመዘነ ውዱ በምንም መንገድ አያሸንፍም። ሊያሸንፍ የሚችለው በሌላ ሚዛን ነው፦ ሌላው ሁሉ በሚሰጥምበት ቦታ፣ በሚሰጥምበት ሌሊት እንዲሠራ።

ያም ሆኖ ዓሣ ሪልን አይቶ አይመጣም። በመስከረም 1982 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ፣ በማዕበል ሌሊት፣ አል ማክሬኖልድስ የተባለ ሰው ከድንጋይ ግድብ ላይ ቆሞ 78 ፓውንድ ተኩል፣ ከ35 ኪሎ በላይ የሚመዝን ስትራይፕድ ባስ አወጣ። ያ ዓሣ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል። ቫን ስታል ገና አልተወለደም ነበር።

እንግዲህ የጋሼ መልስ እንዲህ ይተረጎማል። ቋጥኝ ላይ ዋኝተህ የምትቆም ከሆነ፣ ወይም ሞገድ ደረትህን እየመታህ የምታድር ከሆነ፣ የታሸገውን ግዛ፤ የዓመቱንም የጥገና ገንዘብ ከግዢው ቀን ጀምረህ ለይ። ጉልበትህ ድረስ ገብተህ ወርውረህ የምትመለስ ከሆነ ከ200 እስከ 300 ዶላር ያለው ይበቃሃል። ዘንግህን አሸዋው ላይ ተክለህ፣ ከልጆችህ ጋር ወንበር ላይ የምትጠብቅ ከሆነ ደግሞ ያነሰውም ይሠራል፤ ሳይደርቅ ካጠብከው። በዓመት ሦስት ጊዜ አሳቴግ ወይም ኦሽን ሲቲ ለሚወርድ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ሰው የሺህ ዶላር ሪል አልመክርም፤ ትርፉ ገንዘብ የተሻለ ዘንግና አዲስ ክር ይግዛበት።

እኔ የ250ውን ገዛሁ። ከሳጥኑ ሳይወጣ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። እሳቸው የጎኑን ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈቱ፣ የብሎኖቹ ጥርስ ላይ በክብሪት እንጨት ቅንጣት ግራሶ እየቀቡ መለሷቸው። «ጨው ሳይቀድምህ አንተ ቅደም» አሉኝ። ይኸው ሦስት ዓመቱ። ባለፈው ጥቅምት ለዓመቱ ጽዳት ጋራዣቸው ውስጥ ስንከፍተው፣ ካቻቢቴው አንዴ ካላላቸው በኋላ አራቱም ብሎኖች በሁለት ጣት ወጡ።