ከኢሜይል ጋር የመጣ ፋይል ከመከፈቱ በፊት

ኢሜይል ማንበብ ብቻውን ዛሬ ዛሬ ኮምፒውተር የሚበክለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ጣጣው ያለው አብሮት በተላከው ፋይልና በውስጡ ባለው ሊንክ ላይ ነው። ጂሜይልን የመሰሉ አገልግሎቶች ፋይሉን ለተቀባዩ ከማድረሳቸው በፊት ለቫይረስ ይፈትሹታል፤ ስሙ በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ፕሮግራም ከሆነማ ዚፕ ተደርጎም አያሳልፉትም። ታዲያ እቤት ደግሞ መፈተሽ ለምን አስፈለገ?

አንዱ ምክንያት ፓስወርድ ነው። በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ውስጡ ምን እንዳለ ፈታሹ አያይም። ኢሞቴት የተባለውን ቫይረስ ያሰራጩ ወንጀለኞች ይህን ያውቁ ነበር፦ የተቆለፈ ዚፕ ልከው ፓስወርዱን እዚያው መልእክቱ ላይ ይጽፉታል። ቫይረሱ የሚታየው ተቀባዩ ራሱ ዚፑን ሲፈታው ነው። ከዚህም የባሰው፣ ከተበከለ ሰው ሳጥን የቆዩ መልእክቶችን ሰርቀው ለእነዚያ የተሰጠ መልስ አስመስለው ይልኩ ነበር። «ላኪውን አውቀዋለሁ» ማለት ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ነገር ወደ እኛም ሰው ቤት ገብቶ ያውቃል። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ፍርድ ቤት ውስጥ «ኪዳኔ» በሚል ተለዋጭ ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ከሚያውቀው ሰው በደረሰው ኢሜይል ላይ የነበረውን ፋይል ከፈተ። ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የቤተሰቡ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን ሳይቀር ቀድቷል በማለት እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ እዚያ ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ያለ ክፍያ አብሮ ይመጣል። ፋይል ሲወርድም ሲከፈትም ይፈትሻል። ስለዚህ ለኢሜይል ብቻ ተብሎ በሚሸጥ ፈታሽ ላይ ገንዘብ ማውጣት ለቤት ተጠቃሚ አስፈላጊ አይመስለኝም። ሁለት አንቲቫይረስ ደርቦ መጫንም እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፣ ኮምፒውተሩንም ያንቀራፍፈዋል። ይልቅ ዲፌንደሩ አፕዴት መደረጉ ላይ ይበርቱ። አንቲቫይረስ የተፈላጊዎች ፎቶ እንደተሰጠው የኬላ ፈታሽ ነው፤ አጠራጣሪ ሁኔታ አይቶ የሚይዘው ቢኖርም፣ አዲሶቹ ፎቶዎች ካልደረሱት ብዙው ያመልጠዋል። የኢንተርኔት ፓኬጅ ለመቆጠብ ብሎ አፕዴት የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው። መቆጠብ ካለበት ቪዲዮው ይቆጠብ።

የፍተሻው አሠራር ቀላል ነው። ፋይሉን ከኢሜይሉ ላይ በቀጥታ አይክፈቱ። ዳውንሎድ ያድርጉትና ራይት ክሊክ አድርገው «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የሚለውን ይምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ወዲያው ካልታየ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ይፈልጉት። የተቆለፈ ዚፕ ከሆነ ደግሞ ከፈቱት በኋላ የወጣውን ፋይል ስካን ያድርጉ።

ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ይደብቃል፤ እንዲታይ ያድርጉት። በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የተስፋፋው በዚህ ክፍተት ነበር፦ ሰው ያየው «ቲኤክስቲ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የተደበቀው መጨረሻ ግን «ቪቢኤስ»፣ ማለትም ፕሮግራም ነበር። የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ተከፍቶ «ኢኔብል ኮንቴንት» ተጫኑ ካለም አይጫኑ። ተራ ደብዳቤ እንዲህ ያለ ፈቃድ አይጠይቅም።

ተንደርበርድ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ ነገር አለ። ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፎልደር መልእክቶችን ሁሉ የሚያከማቸው በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። አንቲቫይረሱ አንድ የቆየ መጥፎ መልእክት አግኝቶ ያንን ፋይል ሲያነሳው ኢንቦክሱ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «አስወግድ» ከማለትዎ በፊት መልእክቱን ራሱን ተንደርበርድ ውስጥ ያጥፉት፣ ትራሹን ባዶ ያድርጉ፣ ከዚያም ፎልደሩን «ኮምፓክት» ያድርጉ።

ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ቫይረስቶታል የተባለው ድረ ገጽ አንዱን ፋይል በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስፈትሻል። ነገር ግን እዚያ የተጫነ ፋይል ለደኅንነት ኩባንያዎችና ለሌሎች ደንበኞችም ይደርሳል፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ ሰነድ ወይም የሕክምና ወረቀት ከሆነ እዚያ አይጫኑት፤ ላኪውን ስልክ ደውለው ይጠይቁት።