ለኦቶሞቢል ወፍራም ድምፅ ማጉያ ስለ መምረጥ

ከሚዛን ተፈሪ፥ ዛሬ ከአማን ጋራ ሚዛን አማን ከምትባለው ከተማ፥ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር መንገድ የሚመላለስ ሰው በዝናብና በጭቃ ረዥም ሰዓት ስለሚያሳልፍ፥ በኦቶሞቢሉ ውስጥ መልካም ዜማ ለመስማት ቢሻ አይነቀፍም። የከበሮውም ወፍራም ድምፅ በሞተሩ ጕርምርምታ እንዳይዋጥ፥ ሳብዎፈር የሚባለውን ትልቅ ድምፅ ማውጫ ማስገባት ተለምዷል። ነገር ግን ይህን የሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር፥ ማለት ማጉያው፥ ሳይታሰብበት የተገዛ እንደ ሆነ፥ በሌሊት ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ያደርሳል የተባለው ያው ኦቶሞቢል ባትሪው ሞቶ ከደጅ ይቆማል። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለምና ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

አስቀድሞ የሚያታልለው በካርቶኑ ላይ የታተመው ቍጥር ነው። «3,000 ዋት» የሚለው ትልቅ ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚገኝ፥ አንዳንዴም ከቶ የማይገኝ ኀይል ነው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «አርኤምኤስ» የተባለውን፥ ይኸውም ማጉያው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኀይል ነው፤ ይህም ከሳብዎፈሩ አርኤምኤስ ጋራ የተቀራረበ ይሁን። ደካማ ማጉያ ጕዳት የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይቈራረጣል፤ ይህም የሳብዎፈሩን ጥምጥም ሽቦ ሊያቃጥል ይችላል። «ጌይን» የተባለውም ቍልፍ ከቴፑ የሚመጣውን ድምፅ ከማጉያው ጋራ ማስማሚያ ነውና እስከ መጨረሻው አይዞርም።

ኦምም ይታይ። ሁለት ባለ 4 ኦም ጥምጥሞች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም፥ በተከታታይ ሲታሰሩ 8 ኦም ይሆናሉ። ከ4 ኦም በታች የማይችለውን ማጉያ በ2 ኦም ቢያስሩት እጅግ ይግላል፥ ይበላሻልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዲናሞው ነገር ነው። ከሚወስደው ኀይል 80 በመቶውን ወደ ድምፅ ማውጫው የሚያደርስ «ክላስ ዲ» ማጉያ፥ 500 ዋት ለመስጠት በ13.8 ቮልት 45 አምፔር ያህል ይስባል። ግማሹን በሙቀት የሚያባክነው «ክላስ ኤቢ» ግን ለዚያው 500 ዋት 72 አምፔር ይፈልጋል። እርግጥ ዘፈን ዘወትር በሙሉ ኀይል ስለማይጮኽ አማካዩ ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም በዚያ አገር ዝናብ ጊዜ መብራቱ፥ የመስተዋት መጥረጊያውና ፋኑ በአንድነት ስለሚሠሩ፥ ለዘፈን የሚተርፈው አምፔር ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ ክላስ ዲውን፥ እሱንም መጠነኛውን፥ እንመርጣለን።

ሽቦው ወፍራምና ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ መዳብ የተቀባ አሉሚንየም በዚያው ውፍረት ያንኑ ያህል አይሸከምም። ፊውዙም ከባትሪው ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ይግባ፤ አለዚያ ሽቦው ተልጦ ብረት በነካ ጊዜ እሳት ይነሣል። ማጉያው ነፋስ ያሻዋልና የቡና ጆንያ በሚከመርበት ወይም ጭቃ ውሃ በሚደርስበት ስፍራ አይታሰር።

የነዳጅ የቤት ኦቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩን ለገዙ ሰዎች ደግሞ፥ በዚያ ውስጥ ዲናሞ የለም፤ የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው የትልቁን ባትሪ ቮልት የሚያወርድ መለወጫ ነው። የመለወጫው አምፔር ስንት እንደ ሆነ ከባለ ሙያ ሳይጠየቅ ሽቦ አይቀጠልበት።