ማይክልን የወደዱ

የማይክል ጃክሰን ወዳጆች እርስ በርስ «ሙንዎከር» እየተባባሉ ይጠራራሉ። ስሙ የተወሰደው ወደ ፊት የሚሄድ መስሎ ወደ ኋላ ከሚንሸራተትበት እርምጃው ነው። ዓለም ይህን እርምጃ ያየው እ.ኤ.አ. በ1983 የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ 25ኛ ዓመት በተከበረበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ፣ «ቢሊ ጂን»ን ሲጫወት ነበር (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መንሸራተቱ ጥቂት ሴኮንድ ቢወስድ ነው። ካልሲ አድርገው በተወለወለ ወለል ላይ የሞከሩት ልጆች ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም።

«አድናቂ» የሚለው ቃል ለእነዚህ ሰዎች ይጠባቸዋል። አድናቂ ሥራውን ያደንቃል፤ ሥራው ካላማረው ይተወዋል። ሙንዎከር ግን የዘፋኙን ልደት እንደ ቤተሰብ ልደት ያከብራል፤ የዘፋኙ ስም በክፉ ሲነሳ ራሱ የተሰደበ ያህል ይከፋዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር በብዙ ዘፋኞች ዙሪያ ይታያል። በማይክል ዙሪያ ያለውን የተለየ የሚያደርገው፣ ዘፋኙ በሕይወት ሳለም ከሞተም በኋላ፣ በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል በሚል ክስ ደጋግሞ መፈተኑ ነው።

ፍቅሩ ምን ያህል እንደነበር ለማየት በኦክቶበር 1992 ቡካሬስት ላይ የተቀረጸውን ኮንሰርት መመልከት ይበቃል። ሩማንያ ከአምባገነኑ ከቻውሼስኩ አገዛዝ ከተላቀቀች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ማይክል ከመድረኩ ወለል ስር ተስፈንጥሮ ይወጣና ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ድርቅ ብሎ ይቆማል። አይዘፍንም፣ አይናገርም፣ ጣቱን እንኳ አያንቀሳቅስም። ደቂቃ ያልፋል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፤ ከፊት ያሉ ወጣቶች ራሳቸውን ይስታሉ፤ የጥበቃ ሠራተኞች በአጥሩ ላይ ስበው ያወጧቸውና በእጅ ተቀባብለው ይወስዷቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው አንገቱን ዞር አድርጎ እጁን ወደ መነጽሩ የሚሰደው። እስከዚያ ድረስ አንዲት ኖታ አልተዘፈነችም። ሕዝቡን ያሳበደው ዘፈኑ ሳይሆን ሰውየው እፊቱ መቆሙ ነበር።

ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን ትስስር በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ አጥንተውታል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚቀርብ ሰው በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ድምፁ፣ ሳቁ፣ አነጋገሩ ይለመዳል፤ ተመልካቹም ቀስ በቀስ የሚያውቀው ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ትውውቁ ግን የአንድ ወገን ነው፤ አቅራቢው ተመልካቹን አያውቀውም። ሁለቱ ሰዎች ነገሩን በደፈናው በሽታ አላሉትም። ከሰው ጋር በሰላም የሚኖር ተራ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነገር እንደሆነ ጽፈዋል።

በማይክል ላይ ይህ ትውውቅ እንደ ማንም አልነበረም። ከወንድሞቹ ጋር የሚዘፍንበት የጃክሰን ፋይቭ ቡድን የመጀመሪያ ትልቅ ዘፈን በ1969 ሲወጣ ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። እኩዮቹ ከእርሱ ጋር አደጉ። በፌብሩዋሪ 1993 ደግሞ ከቴሌቪዥን አቅራቢዋ ከኦፕራ ዊንፍሬይ ጋር በቀጥታ ሥርጭት ተቀምጦ ልጅነቱን በሥራ እንደተነጠቀ፣ አባቱ ይመታው እንደነበር፣ የቆዳው ቀለም የተለወጠውም ለምጽ ወጥቶበት እንጂ ነጭ ለመሆን ብሎ እንዳልሆነ ተናገረ። ሲሰሙት ለነበሩት ወዳጆቹ ይህ ቃለ መጠይቅ ብቻ አልነበረም፤ ምሥጢር የተካፈሉ ያህል ተሰማቸው።

ቆዳውን ያነጣል የሚለው ወሬ ከዚያም በኋላ አልቆመም። የእንግሊዝ አሉባልታ ጋዜጦች እብድ የሚያሰኝ ቅጽል አውጥተውለት በዚያ ይጠሩት ነበር። ከሞተ በኋላ ይፋ የሆነው የአስከሬን ምርመራ ግን ለምጽ እንደነበረበት አረጋገጠ። ወዳጆቹ ልክ ነበሩ፣ ያሾፉበት ተሳስተው ነበር። የታማኝነታቸው ሥር እዚህ ላይ መፈለግ አለበት። ለዓመታት ጋዜጣ ሲዋሽበት ያየ ሰው፣ ያው ጋዜጣ አንድ ቀን ከባድ ነገር ይዞ ሲመጣ የሚሰማው በለመደው ጆሮ ነው። ውሸቱን ከእውነተኛ አቤቱታ ለመለየት የሚያስፈልገው ጥሞና ገና ክሱ ሳይሰማ ተሟጦ ያልቃል።

ከባዱ ነገር የመጣው በዚያው በ1993 ነው። የ13 ዓመት ልጅ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብኛል ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ በጃንዋሪ 1994 ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተከፈለበት በተዘገበ የፍትሐ ብሔር ስምምነት አለቀ፤ የወንጀል ክስ አልተመሠረተም። ወዳጆቹ ገንዘቡን የሰላም ዋጋ አድርገው ሲያዩት፣ ሌላው ሕዝብ የጥፋት ምልክት አድርጎ አየው።

ሁለተኛው ክስ ግን ፍርድ ቤት ደረሰ። በጃንዋሪ 16 ቀን 2004 ማይክል ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ ቀርቦ ጥፋተኛ አይደለሁም አለ። ሲወጣ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለተሰበሰበው ሕዝብ ጨፈረ፤ ረዳቶቹም ወደ መኖሪያው ወደ ኔቨርላንድ የሚጋብዝ ካርድ አደሉ። የችሎቱ ምስክሮች በ2005 ለወራት ሲሰሙ ከአጥሩ ውጭ የሚቆሙት ሰዎች ከአውሮፓና ከእስያ ጭምር የመጡ ነበሩ። ወዳጅ የሚታወቀው በችግር ቀን ነው ይባላል፤ እነርሱም ያንን ቃል ሊፈጽሙ የመጡ ያህል ማልደው ይሰለፉ ነበር።

ጁን 13 ቀን 2005 ፍርዱ ተነበበ። በ10 ከባድ ክሶችና በ4 ተጓዳኝ ቀላል ክሶች በሁሉም ነጻ ተባለ። ውጭ ከቆሙት አንዲት ሴት ውሳኔው በተነበበ ቁጥር አንድ አንድ ነጭ እርግብ ከሳጥን እያወጣች ትለቅ ነበር። ምስሉ በዓለም ቴሌቪዥኖች ተላለፈ። ለሙንዎከሮች ነገሩ በዚያ ቀን አብቅቷል። በሕጉ ግን ነጻ መባል ማለት ከሳሽ ክሱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አላስረዳም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከ12ቱ የሕዝብ ዳኞች ሁለቱ በቴሌቪዥን ቀርበው በውሳኔው መጸጸታቸውን ገለጹ፤ ፍርዱ ግን ፍርድ ነው፣ ማይክልም አንድም ጊዜ በወንጀል ሳይፈረድበት ሞቷል።

የሞተው ጁን 25 ቀን 2009፣ ለንደን ላይ ሊያቀርባቸው የነበሩት 50 ኮንሰርቶች ሊጀመሩ ሳምንታት ሲቀሩ ነበር። ሎስ አንጀለስ ላይ ለተደረገው መታሰቢያ 17,500 ትኬት በዕጣ ሲወጣ 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። ለለንደኑ ኮንሰርት ትኬት የቆረጡት ደግሞ ገንዘባቸውን ከመቀበል ይልቅ ትኬቱን ለማስታወሻ የማስቀረት ምርጫ ተሰጣቸው፤ ያልተካሄደ ኮንሰርት ትኬት መርጠው ያስቀመጡ ብዙ ነበሩ። ኦርሌያን የተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ፍርድ ቤት ከዚህም የሚያስገርም ጉዳይ ቀርቦለታል። 34 የማይክል ወዳጆች ለሞቱ ምክንያት ሆኗል ተብሎ የተፈረደበትን ሐኪሙን በደረሰባቸው ሐዘን ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ በ2014 ከመካከላቸው አምስቱ ሐዘናቸውን አስረድተዋል ብሎ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዩሮ ፈረደላቸው። የአንድ ወገን ትውውቅም ቢሆን ለቅሶው እውነተኛ እንደሆነ ሕግ የመሰከረበት አጋጣሚ ነው።

በ2019 «ሊቪንግ ኔቨርላንድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ሲወጣ ወዳጅነቱ ከሁሉ በከፋ መንገድ ተፈተነ። ሁለት ጎልማሶች ማይክል በልጅነታቸው ለዓመታት እንደደፈራቸው በዝርዝር ተናገሩ። ቤተሰቡና ንብረቱን የሚያስተዳድሩት ወገኖች ክሱን ካዱ። ወዳጆቹ በለንደን አውቶቡሶች ላይ ንጹሕ ነው የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ፤ የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስነሳው። ሌሎች ወደ መዝገብ ገቡ። ከሁለቱ ከሳሾች አንዱ በ2005ቱ ችሎት ለማይክል መስክሮ እንደነበር አስታወሱ። ሌላኛው ጥቃት ደረሰብኝ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው የኔቨርላንድ የባቡር ጣቢያ የግንባታ ፈቃድ ያገኘው በሴፕቴምበር 1993፣ ጥቃቱ አብቅቷል ከተባለበት ዓመት በኋላ መሆኑን የሚያሳየው ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የፊልሙ ዳይሬክተር የተሳሳተው ጥቃቱ ያበቃበት ዘመን ነው እንጂ ድርጊቱ አይደለም ብሎ መለሰ። አንዲት የግንባታ ፈቃድ ለአንዱ የንጽሕና ማስረጃ፣ ለሌላው የማስታወስ ስሕተት ሆነች።

ወዳጆቹ ለምን እንደማይለቁት ለማብራራት ሰዎች የሚያነሱት የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የሊዮን ፌስቲንገርን የ1957 ንድፈ ሐሳብ ነው። ሰው ሁለት የማይታረቁ ነገሮችን በልቡ ሲይዝ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱን ለማቃለልም አንዱን ይጥላል ወይም ያሻሽላል። «ዘፈኑ በክፉ ቀኔ አቆመኝ» እና «ሕፃናትን በድሏል» የሚሉት አብረው ለመኖር ይከብዳቸዋል። ለሙንዎከሩ ደግሞ የመጀመሪያው አሳብ የራሱ ታሪክ ነው፤ የልጅነት ክፍሉ፣ ከእህቱ ጋር የጨፈረበት ምሽት፣ ከአገር ሲወጣ የያዘው ካሴት በውስጡ አሉ። ማይክልን ጣል ሲሉት የሚሰማው የራስህን ዓመታት ጣል የሚል ነው። ስለዚህ ግትርነቱን ድንቁርና ማለት ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ ጉዳዩን ከጋዜጠኞቹ በላይ አንብበውታል። ነገር ግን ከማንበብ አልፈው ከሳሾቹን በየማኅበራዊ ሚዲያው የሰደቡ፣ ያዋረዱ አሉ። በልጅነቴ ተደፈርኩ የሚል ሰው ይጠየቃል እንጂ አይሰደብም። ፍቅሩ ከወዳጅነት ወደ በደል የተሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ በካሊፎርኒያ በዘፋኙ ኩባንያዎች ላይ የቀረበው የሁለቱ ሰዎች ክስ እንዲቀጥል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ ነገሩን ዝግ ነው ማለት አይቻልም። ሌሎች ወዳጆች በበኩላቸው ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ መስማት ጀምረዋል፤ ሰው ፊት አይከፍቱትም፣ ከቤታቸውም አያወጡትም።

ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ነገሩ ሌላ ክር አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ጊዜ ከ40 በላይ አሜሪካውያን ዘፋኞች በጃንዋሪ 1985 አንድ ሌሊት ሆሊውድ ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ቀረጹ። ዘፈኑን የደረሱት ማይክልና ላይኔል ሪቺ ናቸው። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶ ለረሃቡ እርዳታ ውሏል። ያንን የረሃብ ዘመን የኖረ ሰው የማይክልን ስም ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣበት ይህ ሊሆን ይችላል። እርዳታው እውነት ነው፤ ስለ ከሳሾቹ ግን የሚነግረን የለም።

ሙኒክ ውስጥ፣ ማይክል ያርፍበት ከነበረው ባየሪሸር ሆፍ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ኦርላንዶ ዲ ላሶ የተባለ የ16ኛው መቶ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ሐውልት ቆሟል። ከ2009 ጀምሮ የማይክል ወዳጆች የሐውልቱን እግር በፎቶ፣ በአበባና በሻማ ሸፍነውታል። ማንም አላዘዛቸውም። ዝናብ ያበላሸውን ፎቶ ያነሣሉ፣ የደረቀውን አበባ ይጥላሉ፣ አዲስ ያስቀምጣሉ። ላሶ ከላይ እንደቆመ ነው፤ ከስሩ የተደረደረው ፊት ሁሉ የማይክል ነው።